ጋዙ ጎድሎ አልነበረም

ወንድሜ የግራ ዓይኑን ያጣው ዳላስ አጠገብ ግራንድ ፕሬሪ በምትባል ከተማ በምንኖርበት አፓርትመንት መኪና ማቆሚያ ላይ፣ አንድ የሐምሌ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። አጠገቡ ነበርኩ። ደርግ በወደቀ በዓመቱ መሆኑ ነው፤ እኔ አሜሪካ ከገባሁ ገና አሥር ወሬ ነበር።

እሱ በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጠኛል። ሱዳን ላይ ሦስት ዓመት ተንገላቶ ቀድሞኝ የመጣ፣ ኋላም ፎርሙን ሞልቶ፣ ከጠበቃ ጠበቃ ተመላልሶ እኔን ያስመጣኝ እሱ ነው። አባታችን እኔ ነፍስ ሳላውቅ ስለሞተ ደብተር የገዛልኝም፣ ሳጠፋ የገረፈኝም እሱ ነው። ጋሼ ነበር የምለው፤ ዛሬም ጋሼ ነው የምለው። እሱና ሚስቱ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ነበራቸው፤ አንዷን ክፍል ለኔ ለቀቁልኝ። እኔ እዚያው ሰፈር አንድ ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን እደረድራለሁ። እሷ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የነርስ ረዳት ናት። እሱ ታክሲ ይነዳል።

ሰኔ ሲገባ የመኪናው ኤሲ መድከም ጀመረ። ጨርሶ አልቆመም፤ ቢቆም ይሻለን ነበር። ሃይዌይ ላይ ሲሮጥ ደህና አድርጎ ይቀዘቅዛል። ቀይ መብራት ላይ ሲቆም ግን የሚወጣው አየር ቀስ በቀስ ለብ ይልና፣ ሁለት ሦስት መብራት ካለፈ በኋላ የሰው ትንፋሽ ይመስላል። መንገዱ ተከፍቶ ፍጥነት ሲይዝ መልሶ ይቀዘቅዛል። ይህን ሁለታችንም ደጋግመን አይተናል።

"ሞተሩ ሲፈጥን ያለችውን የማቀዝቀዣ ጋዝ ይገፋታል፣ ሲቆም አቅም ያጣል" አለ ጋሼ። "ስለዚህ ጋዝ ጎድሎታል ማለት ነው።"

ትክክል መሰለኝ። እኔ ስለ መኪና የማውቀው መሳፈርና ጋሼ ያስለመደኝን መንዳት ብቻ ነበር።

በዚያ አገር በጋ ኤሲ የሌለው ታክሲ ታክሲ አይደለም። ፀሐዩ ከላይ ብቻ አይደለም የሚመጣው፤ ከአስፋልቱም ይነሳል፣ ከፊት ካለው መኪና ቂጥም ይነሳል፣ የመቀመጫ ቀበቶው ብረት ይፋጃል። ጋሼ የሚጭነው በብዛት ከኤርፖርት የሚወጡ ሱፍ የለበሱ ሰዎችን ነው። ከረባታቸውን እየፈቱ "ኤሲው አይሠራም?" ይሉታል፤ እሱ "ትንሽ ይታገሡ፣ ሃይዌይ ስንገባ ይቀዘቅዛል" ይላል። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ ከተማ መሐል፣ መብራት ላይ፣ ምንም ሳትናገር በሩን ከፍታ ወርዳ ሄደች። ማታ እራት ላይ ሲነግረን እየሳቀ ነበር የጀመረው፣ ግን መጨረስ አቃተው። በማግሥቱ የታክሲ ድርጅቱ ተቆጣጣሪ ጠርቶ "ኤሲህን ሳታሠራ ኤርፖርት ሰልፍ ላይ እንዳላይህ" አለው።

አንድ ጋራዥ ወሰደው። ሰውየው ኮፋኖውን ከፍቶ፣ ጥቂት አዳምጦ፣ "ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕረሰር ሞቷል፣ መቀየር አለበት" አለው። ጋሼ አላመነም። "የሞተ ኮምፕረሰር ሃይዌይ ላይ አያቀዘቅዝም" አለን ቤት ሲመጣ። በዚህ እንኳ ልክ ነበር።

ሚስቱ ያን ጊዜ አንድ ነገር አለችው። "ቸርች የሚመጡትን ሽማግሌ ለምን አታሳያቸውም? አገር ቤት ሙሉ ዕድሜያቸውን መካኒክ ነበሩ ይባላል።"

"ለጋዝ ብዬ ሽማግሌ ሰው በዚህ ፀሐይ አላንከራትትም" አለ። "ጋዝ መሙላት ጎማ እንደ መንፋት ነው።"

በዚያ ጊዜ የኤሲ ጋዝ እንደ ለስላሳ በትንሽ ጣሳ ይሸጥ ነበር፤ ማንም ሰው የመኪና ዕቃ ቤት ገብቶ ከመደርደሪያ ያነሳዋል። ከጣሳው ጋር ጫፏ ላይ መክፈቻ ያላት አጭር ጎማ ይሸጣል። የመጀመሪያውን ጣሳ ጋሼ ራሱ ሞላ። እኔ መኪናው ውስጥ ተቀምጬ፣ ኤሲውን እስከ መጨረሻው ከፍቼ፣ እሱ "ጨምር" ሲለኝ ነዳጅ እረግጣለሁ። ጣሳው እጁ ላይ ቀዝቅዞ ነጭ በረዶ ሲለብስ ጠርቶ አሳየኝ። "አየህ፣ እየጠጣ ነው" አለ። ያን ዕለት ደስ ብሎን ትንሽ ዞር ዞር አልን። በሃይዌይ ስለነበር ቀዘቀዘ።

ሰኞ መብራት ላይ ያው ሆነ። እንዲያውም ከበፊቱ የባሰ መሰለው። "አንድ ጣሳ አልበቃውም" አለ።

ቅዳሜ ሁለተኛውን ጣሳ ይዘን ወረድን። ሚስቱ ሥራ ገብታለች። ጋሼ ጎማዋንና ጣሳውን ሰጠኝና "ዛሬ አንተ ሥራው፤ አንድ ቀን የራስህ መኪና ይኖርሃል፣ መልመድ አለብህ" አለኝ። እሱ ገብቶ መሪው ጋ ተቀመጠ። በሩን ክፍት ትቶታል፤ አንዱ እግሩ ውጭ ነው።

ኤሲው ሁለት መሙያ አፎች አሉት። አንዱ ወፍራሙ ቱቦ ላይ ነው፤ ጋዙ ግፊቱን ጨርሶ ቀዝቅዞ የሚመለስበት። የሚሞላው በሱ ነው። ሌላው ቀጭኑ ላይ ነው፤ ኮምፕረሰሩ የጨመቀው ጋዝ እንደ ጦር እየተወረወረ የሚያልፍበት። በኋላ የመጡ መኪናዎች አንዱ የሌላውን ጎማ እንዳይቀበል ተደርገው ነው የሚሠሩት። በዚያ መኪና ላይ ግን የሁለቱም አፍ አንድ ልክ ነበር፤ ክዳናቸውም ያው ጥቁር ፕላስቲክ። ወፍራሙ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ተደብቋል። እኔ ፊት ለፊት ያገኘሁትን ክዳን ፈታሁና ጎማዋን አጠበቅሁ።

"ወፍራሙ ላይ ነው?" አለ ጋሼ ከውስጥ።

"አዎ" አልኩ።

ጎንበስ ብዬ አላየሁም። ሁለት ቱቦ እንዳለ አውቃለሁ፤ ባለፈው ሳምንት አሳይቶኛል። የያዝኩት የትኛው እንደሆነ ግን አላየሁም፣ አዎ አልኩት።

መክፈቻውን አዞርኩ። ጣሳውን ባትሪው ላይ ጋደም አደረግሁት። ጋሼ ነዳጅ ረገጠ። በረዶውን ጠበቅሁ፣ አልመጣም። ጣሳውን ነካ ባደርገው ለብ ብሏል። ትንሽ ቆይቼ ብነካው ይፋጃል።

"ጋሼ፣ ይሞቃል" አልኩ።

"ምኑ?"

"ጣሳው።"

ነዳጁን ለቆ ወጣ። መጥቶ ጎማዋን ቀጭኑ ቱቦ ላይ ሲያያት ወዲያው ገባው፤ የተጨመቀው ጋዝ ወደ ጣሳው እየገባ ነው። ፊቱ ሲለወጥ አይቻለሁ። እኔ መክፈቻውን ልዘጋ እጄን ሰድጄ ነበር፤ በትከሻው ገፋ አደረገኝና "እጅህን አንሳ" ብሎ እሱ ጎንበስ አለ።

ጣሳው የፈነዳው ያኔ ነው። ድምፁ የመኪና ጎማ ሲፈነዳ እንደሚሰማው ነው። ነጭ ጭስ ሞተሩን ሸፈነው፣ ጋሼ ወደ ኋላ ሄዶ አስፋልቱ ላይ በቂጡ ተቀመጠ። ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ በጣቶቹ መሐል ደም ይወርዳል። የጣሳው ቂጥ ተገንጥሎ ነው የመታው፤ ጋዙ ደግሞ ተከትሎ የዓይኑን ሽፋንና ጉንጩን እንደ በረዶ አደረቀው።

ምድር ቤት የሚኖሩ አንዲት የሜክሲኮ አሮጊት የአትክልት ማጠጫ ጎማ እየጎተቱ መጡ። በስፓኒሽ ይናገራሉ፣ እኔ አንድ ቃል አይገባኝም። እጁን በግድ አስለቅቀው ፊቱ ላይ ውሃ አፈሰሱበት፤ ውሃው ከፀሐዩ የተነሳ መጀመሪያ ሙቅ ነበር፣ ኋላ ቀዘቀዘ። ሐኪሞቹ ቆዳው የተረፈው በውሃው ነው አሉን። ሴትየዋን አላመሰገንኳቸውም፤ ትዝ ብሎኝ ልሄድ ስል ለቀው ሄደዋል።

በዚያው መኪና ወሰድኩት። ኮፋኖውን ደፍቼ፣ የተንጠለጠለችውን ጎማ እንኳ ሳልፈታ፣ በሃይዌይ ሠላሳ ወደ ዳላስ ነዳሁ። ፎጣ ፊቱ ላይ ይዞ ወንበሩን አስተኝቶ ነበር። መስኮቶቹ ክፍት ናቸው፤ የሚገባው አየር እሳት ነው። መንገድ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ተናገረ። አንደኛው "ቀስ ብለህ ንዳ" ነው። ሁለተኛው፣ ሆስፒታሉ ልንደርስ ስንል፣ "እሷ ብትጠይቅ እኔ ነኝ የገጠምኩት" የሚል ነው።

"ጋሼ..."

"እኔ ነኝ። ጨርሰናል።"

ሚስቱ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች መጣች። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ነው፤ ግማሽ ፊቱ ታሽጓል። አልጋው አጠገብ ቆማ በመጀመሪያ የጠየቀችው "ማን ነው የነካካው?" ነበር።

"እኔው ነኝ፤ ቱቦ ተሳሳትኩ" አለ።

እኔ ከአልጋው ወዲያ ማዶ ቆሜያለሁ። ዞር ብላ አየችኝ፤ ለማረጋገጥ አይመስለኝም፣ እኔም ደህና መሆኔን ለማየት ነው። ዝም አልኩ። አንድ ሰው እንዲህ ያለ ዝምታ ከጀመረ በኋላ የሚያቆምበት ቦታ አያገኝም። በዚያች ደቂቃ ብናገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቅ ነበር። በሳምንቱ ብናገር ሁለት ነገር መናገር ግድ ይሆን ነበር፦ ያደረግሁትንና ዝም ማለቴን። በዓመቱ ደግሞ እሷ እሱን የምትወቅስበት ንግግር ተጨመረበት።

የግራ ዓይኑ አልተመለሰም። ድርጅቱ በአንድ ዓይን ሰው መጫን አይቻልም አለው። የቸርች ሰዎች እየመጡ ይጸልዩለት ነበር። እሱ አንገቱን ደፍቶ አሜን ይላል፣ ሲወጡም ደጅ ድረስ ይሸኛቸዋል፤ ደረጃው ላይ የመጨረሻዋ መርገጫ የት እንዳለች ስለማይለይ እግሩ አየር ይረግጣል። ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጭ ያፈሰዋል። ሚስቱ ጠረጴዛውን ትወለውላለች።

መኪናው ሁለት ወር ቆመ። ሊሸጥ ተወሰነና ሽማግሌው፣ የጋሼ ሚስት ያነሳቻቸው መካኒክ፣ ሊያዩት መጡ። ጋሼ አልወረደም፤ እኔ ቁልፉን ይዤ ወረድኩ። ከሰባ ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ፣ በዚያ ሙቀት ኮት የለበሱ ሰው ናቸው።

"አስነሳውና ኤሲውን ክፈተው፣ ልጄ" አሉኝ።

ከፈትኩት። ሞተሩ ፊት ቆመው እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ጥቂት ተመለከቱ። ከዚያ ጠሩኝ።

"ከራዲያተሩ ፊት ያለችው ትንሽ ፋን ትታይሃለች?"

"አዎ፣ አባባ።"

"ኤሲ ሲከፈት እሷ መዞር አለባት። አልዞረችም።" በእስክሪብቷቸው ነካ አደረጓት፤ ግማሽ ዙር ሄዳ ቆመች። "ሞተሯ ተቃጥሏል። መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ የሷን ሥራ ይሠራላታል፣ ሲቆም ግን ጋዙን የሚያቀዘቅዘው የለም። ይኸንንም እየው።" ጎንበስ ብለው ከፊቱ ካለው የወንፊት ዓይነት ብረት ላይ በጣታቸው ነጭ ነገር ላጡ፤ በግንቦት ከዛፍ የሚረግፈው ጥጥ መሰል ብናኝ ነው፣ አቧራ ጠጥቶ እንደ ጨርቅ ሆኗል። "ታፍኗል።"

"ጋዙስ?" አልኩ።

"ማን ነው ጋዝ ጎደለው ያላችሁ? ጋዙ ጎድሎ አልነበረም።"

ጠቅላላው አሥር ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ፋኗን ከወዳደቀ መኪና ፈትተው ሊገጥሙልን እንደሚችሉ ነገሩኝ፤ ሰው ለምኖ ሳይጨርስ የሚሰጡ ዓይነት ደግ ነበሩ። ስለ አደጋው አልጠየቁኝም፣ ሰምተውታል። ሊሄዱ ሲሉ ግን ወደ ላይ፣ ወደ መስኮታችን አይተው "እንዲያው ምነው ቢጠይቀኝ ኖሮ" አሉ።

ወጥቼ ለጋሼ ነገርኩት። ሶፋው ላይ ተቀምጦ ቴሌቪዥኑን ድምፁን አጥፍቶ ያያል።

"ስንት ሰዓት ፈጀባቸው?" አለ።

"አሥር ደቂቃ።"

ራሱን ነቀነቀ። "ጥሩ ባለሙያ ናቸው" አለና ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሰ።

ኤርፖርት መኪና ማቆሚያ መውጫ ላይ፣ መስተዋት ቤት ውስጥ ተቀምጦ ትኬት መቀበል ጀመረ። እሱና ሚስቱ ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቷ መሮጥ ስትጀምር በግራ በኩል ስትመጣበት ይደነግጣል፤ እሷ የምትጫወት ይመስላት ነበር። እኔ በሦስተኛው ዓመት ወጥቼ ፕሌኖ የምትባል ጎረቤት ከተማ አንድ ቢሮ ውስጥ ሥራ ያዝኩ፤ እሑድ እሑድ ግን ከቸርች በኋላ እነሱ ጋ ነው የምበላው።

ሚስቱ ክፉ ሴት አይደለችም። ሁለት ሺፍት እየሠራች ያን ቤት ያቆመች እሷ ናት። ነገር ግን አንድ ነገር በሆነ ቁጥር፣ ቁልፍ ሲጠፋ፣ የትምህርት ቤት ወረቀት ሳይሞላ ሲቀር፣ አንድ ንግግር ነበራት፦ "ሰው መጠየቅ ሞቱ ነው። ያኔ ጠይቅ ስለው ቢጠይቅ ኖሮ ዓይኑ በቦታው ነበር።" አንዳንዴ በእንግዳ ፊት ትለዋለች፣ እየሳቀች። ጋሼ መብላቱን ይቀጥላል። እኔ ሳህኔን አያለሁ። ይህ ስድስት ዓመት ቀጠለ።

አንድ እሑድ ጋሼ ልጅቷን ይዞ ወጣ ብሎ ነበር። እሷ ዕቃ ታጥባለች፣ እኔ አደርቃለሁ። ጠዋት ጋሼ ቸርች መኪና ማቆሚያ ላይ ወደ ኋላ ሲል የሰው መኪና ጭሮ ነበርና ያችኑ ንግግር ጀመረች። መሐል ላይ አቋረጥኳት።

"እትዬ፣ እኔ ነኝ ቱቦውን የተሳሳትኩት" አልኳት። "እሱ መኪና ውስጥ ነበር። ወፍራሙ ላይ ነው ወይ ብሎ ጠይቆኛል፣ አዎ አልኩት። ሊፈነዳ ሲል እኔን ገፍቶ ነው የተመታው።"

የምታጥበውን ሳህን አስቀመጠች። ውሃውን ዘጋች።

"ስድስት ዓመት" አለች። "ስድስት ዓመት በዚህ አፌ ስለው ዝም ብሎ ሰማኝ?"

"አትንገራት ብሎኝ ነው።"

"አንተን አልጠየቅሁህም።"

እጇን ሳታደርቅ መኝታ ቤት ገብታ ዘጋች። ጋሼ ሳይመለስ ወጣሁ።

በማግሥቱ ሥራ ቦታ ደወለልኝ። ሥራ ቦታ ደውሎልኝ አያውቅም።

"ለምን ነገርካት?" አለ።

"ስትናገርህ መስማት አቃተኝ፣ ጋሼ።"

"ስትናገር የነበረው እኔን ነው። እኔ ችዬዋለሁ። ያቃተህ አንተ ነህ። ለኔ ብለህ አይደለም የነገርካት፣ ለራስህ ብለህ ነው።"

እውነቱን ነበር። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ አደረች። ምን ብዬ ላባብላት?" አለኝ። ስልኩን ዘጋ።

ከዚያ በኋላ እሷ እሱን መቆጣት ተወች፤ ስለ ዓይኑ ብቻ ሳይሆን ስለ ምንም። ሻይ ቢያፈስ "አይዞህ" ትላለች። ቁልፍ ቢጠፋበት ሳትናገር ፈልጋ ታመጣለታለች። ለሱ መጀመሪያ ታቀርባለች፣ ሲናገር አታቋርጠውም። ከውጭ ለሚያያቸው ያማረ ትዳር ነው። አንድ ቀን ግን ጋሼ፣ ብዙ የማያወራው ሰው፣ "ቤቴ ውስጥ እንግዳ አደረጋችሁኝ" አለኝ። ብታመርርና ብትጮህበት ይሻለው ነበር። ዓይን ሐኪም ጋ የምወስደው እኔ ነበርኩ፤ ከዚያ ወዲህ በአውቶቡስ መሄድ ጀመረ፣ ሁለት ቦታ እየቀየረ።

እሷ ለወራት ሰላምታ ብቻ ነበር የምትሰጠኝ። አንድ እሑድ ከቸርች ስንወጣ መኪናዬ ጋ መጥታ ቆመች። ልጅቷን በእጇ ይዛለች፣ ጋሼ ከሰዎች ጋር ወደ ኋላ ቀርቷል።

"ጣሳው ሲፈነዳ አንተ የት ነበርክ?" አለችኝ።

"በቀኙ በኩል። ክንድ የማይሞላ ርቀት።"

"ምንም አልነካህም?"

"ምንም።"

አንገቷን ነቀነቀች። ልጅቷን የራሳቸው መኪና ውስጥ አስገብታ ቀበቶዋን አሰረችላትና፣ መሪው ጋ ገብታ ጋሼ እስኪመጣ ጠበቀች።